ውሃው ሲተነፍስ

ሰቆጣ ውስጥ የአሳ ባለሙያ ነኝ ስል የማይስቅ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ይስቃል፤ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤቴ ትስቃለች፤ ከኔ ቢሮ ቀጥሎ ያሉት የሰብል ባለሙያዎችማ "ዛሬ ተራራው ላይ ስንት አሳ ያዝሽ?" ሳይሉኝ ቀኑ አይመሽላቸውም። ዋግ ኽምራ ድንጋይና ገደል ብቻ የሚመስለው ሰው ምን ያድርግ! ወደ ተከዜ ቁልቁል ሲወረድ ግን ግድቡ ያቆመው ሰፊ ውሃ አለ። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉበት፤ ሰቆጣ ገበያ የሚደርሰው የደረቀ አሳም ከዚያ ነው የሚመጣው። የኔ ሥራ ያንን አሳ ሽቅብ ወደ ደጋው ማውጣት ነው። ገበሬው ኩሬ ሊቆፍር ያስባል፤ እኔ ውሃውን መርምሬ ይሆናል ወይም አይሆንም እላለሁ።

ሰው ውሃ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አሳ ግን መራጭ ነው፣ ከአማችም ይብሳል። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ትንሽ ጨው ቢጤ ቢኖርበትም ግድ የለው፤ ውሃው ከኮመጠጠ ግን ስንጥቡ፣ ያ የሚተነፍስበት ቀይ ነገር፣ ይታመምበታል። አምባዛ ችግር የለመደ ፍጥረት ነው፤ ጭቃ ውስጥ አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ ከላይ ይስባል። ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ፣ የሟሟው አየር፣ ኮምጣጣነቱ፣ እነዚህ ሁሉ በዓይን አይታዩም። አሳው ግን አንድ ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይነግራችኋል። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄንም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር፤ ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ቀን ከፃግብጂ አንድ ቄስ ቢሮዬ መጡ። ዕድሜያቸው ከኔ ብዙም አይርቅም፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ይሉኝታ የሚገድላቸው ሰው ናቸው። ወንበር ስሰጣቸው ጫፉ ላይ ነው የተቀመጡት። ዝናቡ ሁለት ክረምት ከድቷቸዋል። ከማሳቸው በታች ባለ ስርጉድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ እንዳለና ለልጆቻቸው አሳ ሊያረቡበት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እሳቸው ራሳቸው በጾም እንደማይቀምሱት ሦስት ጊዜ አስረዱኝ፣ የከሰስኳቸው ይመስል። ወደድኳቸው።

ሄድኩ። ሚኒባሱ የሚያወርደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ መንደር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከቄሱ ጋር በእግር ነው። ስርጉዱ ሦስት ጎኑ ገደል ሆኖ በአራተኛው በኩል ብቻ ቀጭን መንገድ ቁልቁል ይወርድበታል። መንገዱ አፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቆመው ጠበቁን፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ መነኩሲት፣ አገሬው ሁሉ እማሆይ የሚላቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ቃል ይቆጥባሉ። በእጃቸው ከሁለት ሰው ቁመት የሚረዝም ሸምበቆ ይዘዋል፤ ጫፉ ላይ ጧፍ ታስሯል። ጧፉን ለኮሱና ሸምበቆውን ከፊታችን መሬት ለመሬት ዝቅ አድርገው እየገፉ ወረዱ። ነበልባሉ ሳይጠፋ ውሃው ዳር ሲደርስ "ኑ" አሉን።

ምንድን ነው ነገሩ አልኳቸው ቄሱን። አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ጧፉ ከጠፋ ውሃው እየተነፈሰ ነው ይባላል፤ ያን ጊዜ አይወረድም። ፀሐይ ሥሩን ሳትነካው አይወረድም። ተወርዶም ቆመው ቀድተው ይወጣሉ እንጂ አይቀመጡም፣ አይንበረከኩም። ውሻና ፍየል አይከተሉም። የእማሆይ እናት እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ የእናታቸውም እናት። ቄሱ ይህን ሲናገሩ የተማረ ሰው ፊት አፍረው ላብ አጥምቋቸዋል። እኔም ልራራላቸው ሲገባ ሳቅኩባቸው።

ውሃውን እንደዚያ ጠርቶ የትም አላየሁም። ሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አረንጓዴ ነገር የሚባል አልበቀለበትም። ድንጋይ ገልብጬ ትል ፈለግሁ፤ የለም። የእንቁራሪት ልጅ የለም። በየኩሬው የሚርመሰመሰው የትንኝ እጭ እንኳ የለም። ዳርና ዳሩ ላይ ወፍ አይጮህም። ጠርጠር አደረግሁ፣ አልዋሽም። ግን አፌን ሞልቼ "ንጹህ ነው!" አልኩ። ድምፄ ከገደሉ ተመልሶ እኔኑ "ንጹህ ነው" አለኝ፤ ደስ አላለኝም።

ከምንጩ ዓይን አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አየር አለው፣ ለአሳ ጥሩ ነው ብዬ ገመትኩ። ቀመስኩት፤ ምላሴን ነከስ አደረገኝ። ከቅዝቃዜው ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ውሃ የሚለካው እዚያው ምንጩ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን መምህሩ እስኪሰለቸን የደጋገመልን ነገር ነው። እኛ ቢሮ ግን ሌላ ልማድ አለን። ያለን የፒኤች መለኪያ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው ኮምጣጣ ነው ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው መስታወት ስስ ናት፤ አንዴ አይሱዙ ላይ ተሰብራ ለስንት ጊዜ ያለ ሥራ ቁጭ ብለናል። ስለዚህ መለኪያው በሻርፕ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፤ የሚጓዘው ውሃው ነው። እኔም ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በቦርሳዬ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ አንደኛውን ሳወጣው ጠርሙሱ አብጦ ነበር። ክዳኑን ሳዞረው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ የደከመው ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ እንደሚተነፍሰው። ብቻዬን ነበርኩ፤ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። ከዚያ በራሴ ስቄ ጠርሙሱን ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ምሳ በላሁ። ስመለስ ለካሁት። ከሰባት ተኩል ከፍ ያለ ቁጥር አሳየኝ፤ ቆሮሶ ከዚህ የተሻለ ውሃ አያገኝም። ቅጹ ላይ "ተስማሚ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ።

ቄሱ ኩሬውን ከምንጩ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብለው፣ እዚያው ስርጉዱ ውስጥ ቆፈሩ። ጫጩቶቹን ከተከዜ በኩል ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ አመጣናቸው። ላስቲኩን ኩሬው ላይ አንሳፈን ውሃውን ከውሃው ጋር ቀስ እያልን አላመድነው፤ በዚህ እንኳ አልታማም። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር፣ ነፋሱም ጥሩ። ጫጩቶቹ ሲለቀቁ ፈጥነው ወደ ሥር ጠለቁ። አገሬው አጨበጨበ፣ ቄሱ ጸሎት አደረሱ። እማሆይ ሸምበቆአቸውን ተደግፈው ከላይ ያያሉ። ያኔ ነው ሰው ሁሉ እየሰማኝ የተናገርኩት፦

"እማሆይ፣ ከዛሬ ወዲያ ጧፍ አያስፈልግም። ውሃውን መርምሬዋለሁ።"

እማሆይ ጧፏን ከሸምበቆው ፈትተው መቀነታቸው ውስጥ ከተቷት። ወደ ቄሱ ዞርኩና አሳ ለሚያረባ ሁሉ የምሰጠውን ምክር ሰጠኋቸው። ኩሬ አየር የሚያጥረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ ይውረዱ። ቆመው እንዳያስደነግጧቸው ውሃው ዳር ዝቅ ብለው ይቀመጡ። አሳዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ካዩ ይላኩብኝ። ቄሱ እያንዳንዱን ቃል ከኔ ጋር ይደግማሉ፦ ፀሐይ ሳትወጣ፤ ዝቅ ብዬ፤ ተቀምጬ። "እንዳሉኝ አደርጋለሁ" አሉኝ። ተሳልሜአቸው ሄድኩ።

ጫጩቶቹ በተለቀቁ በአምስተኛው ቀን ሪፖርት ልጽፍ ተቀመጥኩ። የኖራውን መጠን መለካት ረስቼ ስለነበር ሁለተኛውን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረድኩት። እስከዚያ ቀን አልተከፈተም። ፕላስቲኩ ተወጥሮ ቀጭ ይላል፤ ስይዘው ከውስጥ የሚገፋኝ መሰለኝ። ከፈትኩት። ያው ትንፋሽ ወጣ። መለኪያው ከመሳቢያ ወጥቶ አጠገቤ ስለነበር ዝም ብዬ ነከርኩት።

ከስድስት በታች አሳየኝ።

ደሜ ፈላ። ደግሞ ተበላሸ ብዬ መለኪያውን ረገምኩት፣ አጥቤ አስተካከልኩት፣ እንደገና ነከርኩት። አሁንም ከስድስት በታች። እጄን ሳላነሳ እያየሁት ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ማንም አልነካውም። ስድስትን አለፈ። ከውሃው የሆነ ነገር እየወጣ፣ ቢሮዬ ውስጥ እየገባ ነበር። ክብሪት ጫርኩና ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠጋሁ። ነበልባሉ ትንሽ ተርገበገበና ጭልም አለ። ሌላ ጫርኩ፤ ጠርሙሱን ነቅነቅ አደረግሁት፤ ያም ጠፋ።

ያኔ ገባኝ። የለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፤ እኛም ስንተነፍስ የምናስወጣው። ከመሬት ሆድ ከውሃው ጋር ይመጣል፤ ውሃውን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ይበርና ውሃው ደግ ይመስላል። ምንጩ ዳር ግን ከአየር ስለሚከብድ የሚሄድበት የለውም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ስርጉዱ ውስጥ ይተኛል፣ ከመሬት ጀምሮ ሽቅብ ይሞላል። የቆመ ሰው አንገቱ ከጋዙ በላይ ይሆናል። የተቀመጠ ሰው ይሰምጥበታል፤ ሳይረጥብ ይሰምጣል።

ፀሐይ ሳትወጣ፤ ዝቅ ብዬ፤ ተቀምጬ።

ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እዚያ መቼ ኖሮ ያውቃል! ደብተሬን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ። ባጃጅ ነጂው ዛሬ ስንት አሳ ያዝሽ ሊለኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ፤ ለምን ቆመ ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ፤ ሰዎች ገላገሉን። መንገድ ዳር ያለችው መንደር የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት በገደሉ መንገድ የሚሄድ አይገኝም። አንዲት ሴት ቤት አደርኩ፣ ማደር ከተባለ። መቼም አልጸልይም ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ነፋስ ለመንኩ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ነጋብኝ። ምንም አልተንኮሻኮሸም።

ዶሮ ሲጮህ ተነሳሁ። ስርጉዱ አፍ ስደርስ ሰማዩ ገርጥቶ፣ መሬቱ ገና ግራጫ ነበር። ነፋስ የለም። ድምፅ የለም። መንገዱ ላይ ሁለት ርግቦች ተኝተዋል፤ ላባቸው አልተነካም፣ ደም የላቸውም፤ መሬት ላይ ለመልቀም ወርደው እዚያው የቀሩ ናቸው። ከታች ኩሬው ፊቱ ነጭ ሆኗል። ጉም መሰለኝ። ዓይኔ እየለመደ ሲመጣ አየሁት፤ የአሳ ሆድ ነው። ሁሉም።

ኩሬው ዳር ሰው ተቀምጧል።

ጀርባውን ሰጥቶኛል። ነጭ ጋቢ ከራስ እስከ እግር ተከናንቧል፤ ከትከሻው በላይ የመቋሚያው ጫፍ ይታያል። ቄሱ ናቸው። እንዳልኳቸው ዝቅ ብለው፣ እንዳልኳቸው ውሃው ዳር ነው የተቀመጡት።

"አባቴ!" ብዬ ጮህኩ። ገደሉ "አባቴ" አለኝ። ጋቢው አልተነቃነቀም። እንደገና ጠራሁ። ያለ ነፋስ የጋቢው ጥለት ጫፍ እንኳ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ምን እንዳገኘኝ አላውቅም፣ ቁልቁል ልሮጥ ተንደረደርኩ። ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዶ የያዘኝ እጅ ባይኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እማሆይ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቀው። ጧፏን ከመቀነታቸው አውጥተው ሸምበቆው ላይ መልሰው አስረዋታል። ለኮሷትና ቁልቁል ዘረጓት። ነበልባሉ ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ፤ ከዚያ ከጉልበት ዝቅ ሲል ጠፋ። ጭሱ ሽቅብ አልወጣም፤ በማይታይ ነገር ላይ ተንጣሎ ቀረ።

"ተነፈሰ" አሉ።

"እሳቸው እኮ እዚያ ናቸው! እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው!" አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማሆይ ቀሚሴን ሳይለቁ ወደ ኋላዬ አዩ። እኔም ዞርኩ። የገደሉን ጥግ ይዘው፣ በስስ ነጠላ ተጠቅልለው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ቄሱ ቆመዋል። ዓይኔን አላመንኩም። ታች ያለውን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

"ይቅር ይበሉኝ" አሉኝ። "እንዳዘዙኝ አልተቀመጥኩም።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ ሊወርዱ ሲነሱ እማሆይ መንገድ ላይ ተኝተው አላሳልፍም አሏቸው። ቄሱ ሁለት ይሉኝታ መሃል ገቡ፤ የእናት ያህል አሮጊት ረግጠው ማለፍ አይችሉም፤ የቢሮ ሰው ትእዛዝም እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ስለዚህ በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ ሳለ፣ ይወርዱና ጋቢያቸውን ድንጋይና መቋሚያ ላይ አልብሰው ይመጣሉ። ከቢሮ ሰው በማለዳ ድንገት ቢመጣ ከላይ አይቶ "ቄሱ ሥራቸው ላይ ናቸው" እንዲል። እኔን ላለማሳፈር አምስት ሌሊት ያለ ጋቢ በርዷቸዋል።

ሳቅ ወይም ጩኸት ሊያመልጠኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"አሳዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አሉኝ። "ወርጄ ብጠብቃቸው ኖሮ ሲያለከልኩ አይቼ እልክብዎት ነበር። እርስዎ ያን ያህል ደክመው... ልውረድና ቢያንስ ልልቀማቸው።" እማሆይን ሳያዩ አልፈው አንድ እግራቸውን ወደ ቁልቁለቱ አነሱ። ከእፍረታቸው ብዛት የዚያን ዕለት ማንንም ሊሰሙ አልፈለጉም።

ሸምበቆውን ከእማሆይ እጅ ነጠቅሁ። ክብሪቱ ለሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። ጧፏን ለኩሼ በፊታቸው ዘረጋሁ፤ በዓይናቸው ፊት ጠፋች። መንገዱ ላይ ቆሜ ቢሮ ውስጥ ለማንም ብዬው የማላውቀውን አልኳቸው፦

"የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ውሃውን በትክክል አልለካሁትም። እንደ ምክሬ ቢሆን ኖሮ እርስዎም አሁን እዚያ ነበሩ። እማሆይ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ቄሱ ወደ ታች፣ ወደ ጋቢያቸው፣ ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞረው በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ እማሆይ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስታችንም ቆመን ፀሐይ ጠበቅን። መቀመጥ ያሰበ አልነበረም።

ብርሃኑ ገደሉን እየላሰ ወርዶ ኩሬውን ሲነካ ነፋሱ ተነሳ። እማሆይ ጧፏን እኔው እንድይዛት በአገጫቸው አመለከቱኝ። ነበልባሉን ፊት ፊት እያስኬድኩ ወረድኩ፤ ታች ድረስ አልጠፋም። አሳዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሞተዋል። ጣቴን የሚያካክሉት ጫጩቶች ናቸው። አጠገባቸው ጋቢው ለብቻው ተቀምጧል፤ ከቅርብ እንኳ ራሱን የደፋ ሰው ነው የሚመስለው። ከፊት ለፊቱ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ከኋላ ገፈፍኩት፤ ጤዛ ጠጥቶ ከብዷል። ከሥሩ ድንጋይ ወጣ።

ይዤው ወጣሁ፤ በነጠላ የቆሙት ቄስ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። በፀሐይ በኩል ዘርግቼ ትከሻቸው ላይ ላደርግላቸው ስል ፈቀቅ አሉ። "ዛሬስ አልለብሰውም፤ በኔ ፈንታ እዚያ ያደረ ነው" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ከእጄ ተቀብለው በአራት አጠፉትና፣ እየበረዳቸው፣ ተሸክመውት ወደ ቤታቸው ሄዱ።